ቤልጅግና የጣሊያን ጥይት በአንድ ዝናር

ሰዎች ከጠመንጃ ቤልጅግ ይሻላል፣ የጣሊያን ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር አንድ ሠርግ ትዝ ይለኛል። እኔንም ይጠይቁኛል። አራት ክፍል ስለተማርኩ ጥይት የማውቅ ይመስላቸዋል።

እውነቱን ልንገርህ? ቤልጅግ ትከሻ ይደልቃል፤ የመታው አውሬ ግን አይነሣም። የጣሊያኑ ለትከሻ ይመቻል፤ ሩቅ ይሄዳል፤ ሚዳቋ አቁስሎ ሲሰድም አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ቀላል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የጥይታቸው መመሳሰል ነው። የጣሊያን ጥይት አፍንጫው ድቡልቡልም ሹልም አለው። ሹሉን ከቤልጅግ ጎን ብታቆመው በአንድ የስንዴ ፍሬ ያህል ያጥራል፣ በቃ። ዝናር ውስጥ ከገቡ በኋላማ ማን ይለያቸዋል? የሚታየው ነሐሱ ብቻ ነው።

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት፣ ዳባት አጠገብ ሠርግ ተጠራን። የእህቴ ባል አያ ታሰው ቤልጅግ ነበረው፤ የሙሽራው አጎትም እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዝናሩ የጎደለ ሰው አማቶች ፊት አይቀርብም። የአያ ታሰው ዝናር አምስት ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ዘንድ መጣና አምስት የጣሊያን ጥይት አበድረኝ አለ። ሰጠሁት። ግን እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ አምስቱንም በግራ ጎኑ ደርድሬ፣ እነዚህ ለዓይን ናቸው፣ እንዳትተኩስባቸው ብዬ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅሁት።

ዳሱ ውስጥ እህቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናሩን አየኸው ወይ አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ሌሊቱን ጥይቱን ሁሉ አውጥታ፣ በአመድ ፈትጋ፣ መልሳ ሞልታዋለች። ሸጋ አይደለም? ሸጋ ነው። የትኛው የት እንደገባ ግን እሷም አታውቅም።

ጠላው ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ነብር ከበረቱ ፍየል ነጥቆ ገደሉ ሥር ካለው ጥሻ ገብቷል። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወጣ። አያ ታሰው ከፊት ነው። አማቶች እያዩት ነዋ!

እየሮጥሁ ደርሼ ጋቢውን ያዝሁት።

«አያ ታሰው፣ ጥይቱ ተደባልቋል» አልሁት በሹክሹክታ።

«ምነው ትጎትተኛለህ? አጉርሼዋለሁ፤ መዝጊያውም ሸጋ አድርጎ ዘግቷል።»

«መዝጋቱንማ ይዘጋል። የጣሊያኑ ያጥራላ! ወደ ውስጥ ይሰምጥና መርፌው አይደርስበትም። ቀጭ ብሎ ይቀራል።»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» ብሎ ወደ ጥሻው አመራ።

እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? ብጮህ በሙሽራዋ ዘመዶች ፊት እሱን ማዋረዴ ነው። ዝም ብል እህቴ ባሏን ታጣለች። ነብር ደግሞ ሁለተኛ ጥይት እስኪጎርስ አይጠብቅም። አያ ታሰው ቅጠሉን በአፈሙዙ ሲገልጥ አየሁ። ከዚያ ወዲያ አላሰብሁም።

«ተመለስ! ጥይቱ የተዋስከው ነው! የኔ ነው! አይተኩስም!»

ገደሉ ተቀብሎ ደገመው። አያ ታሰው እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሳቅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የሳቀ የለም።

አንዱ የሙሽራዋ ወገን ፊቱን ወደ ዛፍ አዞረ። ከዝናሩ ሁለት ጥይት መዘዘና ጎን ለጎን አቁሞ ለካ። ሌላው ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ መሬት አስደገፈ። ጥቂት ቆይቶ ጀርባውን ሰጥቶ ዝናሩን የማይፈትሽ ሰው አልነበረም። ለካስ ዝናሩን በገዛ ጥይቱ ብቻ ሞልቶ የመጣ ጠፍቷል!

የሙሽራዋ አባት፣ ሽማግሌው፣ ከሰዉ መካከል ወጣ አሉ።

«ነብሩም ቢሆን የሠርግ እንግዳ ነው» አሉ በዝግታ። «ፍየሏን ትቼለታለሁ። በሉ ልጆቼ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ እንመለስ።»

ተመለስን።

አያ ታሰው ዛሬም አለ። ጥርሱ አልቋል፣ የልጅ ልጆቹን ግን በየስማቸው ይጠራል። ለበዓል በሄድሁ ቁጥር እነሱን በዙሪያው አስቀምጦ ይጀምርልኛል።

«ያን ቀን አዋረድከኝ። ብትተወኝ እኮ ስሜ እስከ ጎንደር ይጠራ ነበር!»

«አጥፍቻለሁ፣ አያ ታሰው፤ ይቅር በለኝ» እላለሁ።

ይቅርታዬን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም። ለከርሞም እዚያው ተቀምጦ እምቢ እንዲለኝ እየጸለይሁ ነው።