የእትዬ ዘነቡ ቦርሳ

ተከራክሮ ያስቀነሰውን ዋጋ መልሶ እንዲሰቀልለት የሚለምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ እንደዚያ ናቸው።

ገበያ አብሬያቸው በሄድኩ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ ሁለቴ ወጥተው ሁለቴ ተመልሰው፣ የአንድ የእጅ ቦርሳ ዋጋ በግማሽ አስወርደው ገዙ። ከዚያ ባለሱቁን ጠጋ ብለው፣ «ሰይድ ወንድሜ፣ ከሰፈር መጥቶ ዋጋ የሚጠይቅህ ካለ እጥፉን ንገረው፤ አደራህን» አሉት።

ሰይድ መቼም አደራ አይበላም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ በሳምንቱ ሲመጡ እጥፉን ነገራቸው። እሳቸውም ሳያንገራግሩ ከፍለው ያንኑ ዓይነት ቦርሳ አንጠልጥለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘነቡ እንቅልፍ አጡ።

«የአስካለ ቦርሳ ቆዳው ይለያል» ይሉኛል።

«ኧረ አንድ ነው፣ እትዬ።»

«በዚያ ሁሉ ብር አንድ ዓይነት ይሰጣል እንዴ? አንተ ደግሞ ስለ ቦርሳ ምን ታውቃለህ?»

ቦርሳቸውን ይዘን ሰይድ ጋ ተመለስን። «ይሄን ውሰድና የአስካለን ዓይነት ስጠኝ፤ ልዩነቱን እከፍላለሁ» አሉት። ሰይድ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቦርሳውን ተቀበለና ወደ ጓዳ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ቦርሳ በጨርቅ ወልውሎ ይዞ ወጣ።

እትዬ ከፈሉ። ቆዳውን አሸት አሸት አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ፣ ቆዳ ማለት ይሄ ነው።»