የሚስቱ አፈ ጉባኤ

ሚስታቸው ስትጠየቅ እነሱ የሚመልሱ ባሎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ለአንዱ እህቴን ድሬለታለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰይድ ይባላል፤ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ዓሣ ይነግዳል። እህቴ ዘምዘም ከወለደች ወር ሆኗታል፤ ግን በሆነው ባልሆነው ታለቅሳለች። ለአራሶችና ለቤተሰባቸው ምክር የሚሰጡ ሲስተር አሉ ሲባል ሦስታችንም ሄድን። ሰይድ ወንበሩን ወደ ሲስተሯ አስጠጋና ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ዘምዘም?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ትተኛለች» አለ ሰይድ።

«ምግብስ ትበያለሽ?»

«ገንፎውን ጥርግ ነው የምታደርገው!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እሱ እንኳ የሴት አመል ነው።»

ይህን ሁሉ እውቀት ከየት አመጣው? ዓሣ ሲመዝን ተገልጦለት ይሆን? ሲስተሯም ሳይገርማቸው አልቀረም፤ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ እሱ ዞሩ።

«እሺ አባት፣ ሕፃኑ ሌሊት ስንቴ ተነሥቶ ያለቅሳል?»

ሰይድ ደረቱን ነፋ። «የኔ ልጅ? አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም!»

ያኔ ዘምዘም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ከወለድኩ ጀምሮ የምታድረው እናትህ ቤት! እዚያ ድረስ በምን ይሰማህ?»