ልንካው?

ኮምፒውተር በሚያስተምሩበት ክፍል ሁሉ አንድ የማይነካ ተማሪ አይጠፋም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ስክሪኑን እንደ ተኛ ሕፃን ያየዋል፤ እንዳይቀሰቅሰው ይሳቀቃል።

በሆስፒታሉ የምሳ ሰዓት ትምህርት ላይ ይህ ማዕረግ የክብርት የአንሶላ ኃላፊዋ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ከያዘች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ፊደል የለየችው ልጆቿ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው፤ ከእነሱ ደብተር ላይ፣ እያፈረች። የእያንዳንዱን ክፍል አንሶላ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን አስተዳዳሪው "ከመጪው ወር ጀምሮ ዝርዝሩ በኤክሴል ካልመጣ ቦታውን ለሚችል ሰው እንሰጣለን" ብሏል። ስለዚህ መጣች፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

"ልንካው?" ትላለች።

"ይንኩት እንጂ እትዬ" ይላል መምህሩ፣ የልጇ እኩያ።

አንዷን ሳጥን ትነካለች። "ይሄንንስ?"

"እትዬ፣ የሚናከስ ቢሆን እስካሁን እኔን በጨረሰኝ" ይላታል ከጎኗ የተቀመጠው ዘበኛ። ትስቃለች። እጇ ግን ወደ ጭኗ ይመለሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። ድምር ሲታዘዝ የሷ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፤ ልክም ነው። መምህሩ ሦስት ቀን ሙሉ አመሰገናት። በአራተኛው ቀን ግን ከላይ አንዷን ቁጥር ቢለውጥ ድምሩ ንቅንቅ አልል አለ።

"ይሄ ለምን አልተለወጠም እትዬ?"

"ማን ይለውጠዋል? እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ለካ በጭንቅላቷ እየደመረች ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምሳዋን ግን ሳትበላ ዋለች። ይሄ ነገር ለተማረ ነው፣ አለች ለራሷ። በማግስቱ ያችው ወንበር ላይ ተገኘች፤ የድምሩን ቀመር መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ። ሥራ ላይ ውሃው ያጥብባታል፤ እንደገና ትጽፋለች።

የፈተናው ቀን አስተዳዳሪው ራሱ ከኋላዋ ቆመ። የስድስት ክፍሎች አንሶላ ተሞልቷል፤ ድምሩ ከላይ ነው፤ ቀመሩን ያስገባው መምህሩ ነው።

"የሕፃናት ክፍልንም ይጨምሩበት" አላት አስተዳዳሪው። ከሥር ጻፈች፤ ሃያ አራት።

"በቃ፣ ይታተም።"

ጆሮዋ እየጋለ "ልክ አይደለም" አለች።

"ኮምፒውተር ነው እኮ የደመረው።"

"መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሕፃናቱን ዘሏቸዋል። በዚህ ዝርዝር ከሄድን ባዶ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት።"

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀመሩ ስድስተኛው ክፍል ላይ ቆሟል። "የኔ ጥፋት ነው" ብሎ እጁን ወደ ማውሱ ሲዘረጋ የሷ እጅ ቀድሞታል። መዳፏን አየት አደረገችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ቀመሩን አንድ መስመር ወደ ታች አስረዘመችው። ድምሩ ንቅንቅ አለ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

አስተዳዳሪው ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ቦታዋን ስለሚወስድ ሌላ ሰው ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ዛሬ ኮምፒውተሩ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የታጠበ የትራስ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። መምህሩ አንዳንዴ ብቅ ይላል። ባለፈው ሠንጠረዧ ላይ አንድ ነገር ሊያሳያት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

"እትዬ፣ ልንካው?"

ትንሽ አሰበች።

"ይንኩት" አለችው። "እጅዎን ታጥበዋል?"