ምንም ያልጎደላት ከተማ

(ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ካለች አንዲት ዓሣ ቤት በረንዳ ላይ። የቀጣናው ልማት ባንክ ዓመታዊ ስብሰባውን የሚያደርግበትን ከተማ እየመረጠ ነው። የባንኩ ባለሙያ ሰርካለም ጠዋት መጥታ፣ አይታ፣ ጠይቃ፣ «ውጤቱን በስልክ እነግራችኋለሁ» ብላ ሄዳለች። ማንም ሳይመርጠው የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነው ጋሽ ዝናው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም። ከተማው ሳይመረጥ ከቀረ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ ያውቃል፤ አጠገቡ የተቀመጠው፣ ከላይ ከአርዲቦ የወረደው ገበሬ፣ የባድሩ ነው።)

ዝናው፦ ቆይ እስቲ፣ ጫማህን ለምን አሳየሃት?

ባድሩ፦ አላሳየኋትም ጋሽ ዝናው። እግሬ ላይ ነበር።

ዝናው፦ እስከ ጉልበትህ ጭቃ! ባንክ ፊት!

ባድሩ፦ «ምን ነካህ?» አለችኝ። መንገዱ ነው አልኳት።

ዝናው፦ እዚህ ላይ ነው ጉድ የሠራኸኝ! «ዝናቡ ነው» አትልም? ዝናብ የእግዜር ነው፤ ማንንም አያሳፍርም።

ባድሩ፦ ዝናቡማ አንቱም ጋ ዘንቧል። አንቱ ግን አልጨቀዩም።

ዝናው፦ (ትዕግሥት ፍለጋ ወደ ሐይቁ እያየ) ስማኝ። ከተማ መምረጥ ሙሽራ እንደ መምረጥ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ታነክሳለች ይባላል?

ባድሩ፦ ካነከሰች ይባላል እንጂ። ኋላ ሊመልሷት ነው?

ዝናው፦ ኧረ ይሄ ሰውዬ!

ባድሩ፦ እኔ እንደ ቅሬያችን፣ እንደ መንደሩ ማኅበር መስሎኝ ነበር። ተራው የደረሰው ይደግሳል፣ የበላው ይመርቃል።

ዝናው፦ ቅሬ አይደለም! ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከየአገሩ ክራባታቸውን አስረው ይመጣሉ።

ባድሩ፦ መጥተውስ?

ዝናው፦ ይሰበሰባሉ።

ባድሩ፦ ከዚያስ?

ዝናው፦ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚሰበሰቡ ይወስናሉ!

ባድሩ፦ ሱብሃነላህ! ልማቱን መቼ ይሠሩታል?

ዝናው፦ አየህ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄህ ነው የሚያስጥለን። ሴትዮዋ «ምን ይጎድላችኋል?» ስትል እኔ ምን አልኩ?

ባድሩ፦ «ምንም» አሏት። ውሃውስ ስትል «ሌት ተቀን» አሏት። መብራቱስ ስትል «ብርሃኑ እንቅልፍ ነሳን» አሏት።

ዝናው፦ እንግዳ ናታ! እንግዳ ፊት ጎደለኝ ይባላል? እናትህ ለእንግዳ «ጨው አልቋል» ብላ ታውቃለች?

ባድሩ፦ በፍጹም! በጓሮ ዞራ ከጎረቤት ታመጣለች እንጂ።

ዝናው፦ ታዲያስ! የወሎ ልጅ አይደለህ?

ባድሩ፦ እንግዳዋ ጨው ነጋዴ ብትሆን ግን ትነግራት ነበር።

ዝናው፦ ባንክ ጨው አይሸጥም፣ አንተ!

ባድሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ጋሽ ዝናው፣ አምና ክረምት እህቴ አሪፋ ምጥ ሲይዛት መኪና አልገባ ብሎ በቃሬዛ ነው ከአርዲቦ ያወረድናት። አላህ አተረፋት። ዘንድሮም ነፍሰ ጡር ናት፤ ወላሂ ፈርቻለሁ። መንገድ ሊሠራ የሚችል ሰው ሳይ አፌ ዝም በል ቢሉት እሺ አይለኝም።

ዝናው፦ (ለአፍታ ሆዱ ራርቶ) ይገባኛል ወንድሜ። መጀመሪያ ግን እንመረጥ! እኔ እኮ ተመርጠናል ብዬ ለከተማው አውጄ ጨርሻለሁ። ዘፋኞቹ አምባሰል እየተለማመዱ ነው። ከቀረን የት ልግባ?

(ስልኩ ይጮሃል። ዝናው ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሳል።)

ዝናው፦ አቤት ወይዘሮ ሰርካለም!... ተመረጥን?... (ፊቱ ይጠቁራል) ኮምቦልቻ?... ምነው እመቤቴ፣ ምን አጠፋን?... (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ለባድሩ) «ምንም ያልጎደለው ከተማ ልማት ባንክ ምን ያደርግለታል?» ትላለች።

ባድሩ፦ እኔም እኮ ስለ ጨው ነጋዴዋ ያልኩት...

ዝናው፦ ዝም በል!... አቤት?... የቱ ባድሩ?... እሱ ስብሰባው ላይ ይናገር?... ተሰብሳቢዎቹ የአርዲቦን መንገድ ሊያዩ?... ሊያሠሩት?... ታዲያ በእኛ በኩል ነዋ የሚያልፉት! ለምሳ ይቆማሉ?... አይቆሙም።

ባድሩ፦ (ብድግ ብሎ) አልሐምዱሊላህ! አሪፋዬ፣ አብሽሪ!

ዝናው፦ (ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ) እመቤቴ፣ ይቆዩኝ! ዋሽቼ ነው! ውሃው በወረፋ ነው! መብራት ሲመጣ ልጆች ያጨበጭባሉ! እኛም ችግረኞች ነን፤ በችግርማ ማን ይበልጠናል! ሃሎ?... ሃሎ?...

(ከስልኩ ድምፅ የለም። ዝናው ስልኩን ያራግፋል፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ወደ ሰማይ ያነሳዋል።)

ዝናው፦ ይሄ የተረገመ ኔትወርክ! ልክ ዋናው ነገር ላይ ሲደረስ ይቆረጣል!

ባድሩ፦ ኧረ ጋሽ ዝናው፣ «ኔትወርካችን ተቆርጦ አያውቅም» ብለው ምለውላታል። እሷ ናት የዘጋችው።