ፔንሲዮኑን ለመፈለጊያ ያስረከበው ሰውዬ

እኔ የምለው፣ ሰው ዘመናዊ ስልክ ሲገዛ ጭንቅላቱን ባለሱቁ ጋ አስይዞ ነው እንዴ የሚወጣው? የእህቴን ባል ታምራትን አይቼ ነው። ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ ዘጠኝ ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለው። ከቴፒ የሚመለሰው ቡና ገዢ፣ ከማጂ የሚመጣው ነጋዴ፣ ልጁን ሊያስመርቅ የመጣው ወላጅ ሁሉ እሱ ጋ ያድር ነበር። ማን አመጣቸው? ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸዋ። እንግዳ ባመጡ ቁጥር ምሳ ይበላሉ፤ ውሉ ይኸው ነበር።

ታምራት አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ስልጠና ሄደና ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ኢንተርኔት ላይ አንድ መፈለጊያ አለ አለን። ለእሱ ከከፈልክ «ሚዛን ተፈሪ ማደሪያ» ብሎ ለሚፈልግ ሁሉ ያንተን ስም ከላይ ያወጣልሃል፤ የምትከፍለውም ሰው ስምህን በነካ ቁጥር ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን የዚያኑ ዕለት የነጂዎቹን ምሳ ከለከለ። በሩ ላይ የነበረውን ታፔላ አወረደ። እህቴ ተው፣ ይህንን ይዘህ ያንን አትልቀቅ ብትለው ኋላ ቀር ተባለች። አንሶላውን የምታጥበው እኮ እሷ ናት!

በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሁላችንንም ስልክ አስወጣን። ፈልጉኝ አለ። ፈለግነው፤ እውነትም አንደኛ ነው። አጨበጨብንለት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ታምራት አሁንም አንደኛ መሆኑን ማየት የሰፈሩ ሥራ ሆነ። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ወር ሳይሞላ እንግዳ ጠፋ። የማስታወቂያው ሂሳብ ግን በየቀኑ ረፋድ ላይ ያልቃል። ማን ነው የሚነካው? ታምራት ማዶ ያለውን ባለሆቴል ሊከስ ተነሳ። እኔ ደግሞ የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴን ጠየቅኋቸው፤ ስሙን ሲያገኙት አይተው ይተዉታል ወይስ ይነኩታል?

«እነካዋለሁ እንጂ» አሉኝ ተቆጥተው። «የሰው ደጅ ደርሼ ሳልገባ ልመለስ? ነውር አይደለም እንዴ?»

እድርተኛው በሙሉ እንደዚያው ነበር። በፍቅር ገቡ፣ በፍቅር አከሰሩት። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ እኔም ሁለት ሦስቴ ገብቻለሁ። መፈለጊያው ደግሞ የእኛን ይሉኝታ ከየት ያውቀዋል? እነዚያው ስልኮች በየቀኑ ሲነኩት አይቶ አጭበርባሪ ነህ ብሎ ስሙን ሰረዘው። ዘጠኙም ክፍል ባዶውን ቀረ። እህቴ ቤቱ ሊሸጥ ነው ብላ ስታለቅስ ሰውዬውን ልመታው ምንም አልቀረኝ።

እጁን ይዤ መናኸሪያ ወሰድኩት። ነጂዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። ደጎች ናቸው፣ ይቅር አሉት፤ በሳምንቱ አራት ክፍል ተያዘ። ያን ጊዜ ታምራት ትምህርት አግኝቻለሁ፣ ከእንግዲህ በማሽን አልታለልም አለኝ። ደስ አለኝ። ታዲያ ምን አሰብክ ስለው፣ ከነጂዎቹ ሁሉ ጎበዙን መርጦ ከእሱ ጋር ብቻ መዋዋሉን፣ የቀሩትን ማሰናበቱን ነገረኝ።

ይኸው የጎበዙ ባጃጅ ከማክሰኞ ጀምሮ ጋራዥ ቆሟል።