ጾመኛው የእርጎ ሐኪም

መድኃኒቱን ሳይቀምስ የሚያዝ ሐኪም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጎረቤላ ከተማ ስንኖር ጎረቤታችን የነበሩት ጋሽ ይርዳው ለማንኛውም በሽታ እርጎ ያዛሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር እንኳ እጃቸውን አውጥተው ስለ እርጎ ያስረዳሉ!

ትንሿ ልጄ ችፌ ይዟት ክንዷን ደም እስኪወጣው ስታክ፣ ሁዳዴን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እርጎ በቅል አመጡላት። እንዳታክ ሁለት እጇን በአንድ እጃቸው ይዘው ያጠጧታል። ጾመኛ ሰው ታዲያ እርጎ እንዴት ይቀምሳል?

ችፌው ቀስ በቀስ ለቀቃት። በፋሲካ ጋሽ ይርዳው ከዚያው ቅል ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

«ውይ ልጄን! ይሄን ኮምጣጣ ነው ስትጠጪ የከረምሽው?»

«አዎ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መምጣት ቢተዉስ? እጄን ማን ይይዝልኛል?»