የምሽት ፍራፍሬ መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ

ታላቅ ችግር ታላቅ ኮሚቴ ይሻል። የአርቪድ ኩላሊቶች ደክመዋል በተባለ በሦስተኛው ቀን፣ በሚኒሶታ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ «የምሽት ፍራፍሬ መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ» በይፋ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ የአርቪድ ሚስት ቨርና ነበረች።

ዶክተሯ የሰጠችው ወረቀት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ማታ ማታ መክሰስ ካማረህ አንድ ፖም ወይም አንድ እፍኝ ወይን ብላ፤ ፖታሲየም የሚበዛባቸውን ሙዝና ብርቱካን ተው፤ በወሩ ተመለስና ደምህን እንመርምር ይላል። እንዲህ ያለ አጭር ወረቀት ያለ ጥናት ሥራ ላይ ቢውል የከተማዋ ስም ምን ሊሆን ነበር! ደግነቱ ቨርና አለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ዘጠኝ ሰው ሲያብር ደግሞ አንድ ፖም አስሮ ያቆያል።

እንቅፋቱ የማርሊስ የሙዝ ዳቦ ነበር። ማርሊስ በዚያ ምድር ቤት አርባ ዓመት ሙሉ ለሰርጉም ለቀብሩም ጋግራለች፤ ለኮሚቴውም በየምሽቱ ይዛ የምትመጣው ያንኑ ነው። «ሙዝ ይከልከል» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ሲቀርብ ዘጠኙም አባላት ዳቦውን እያኘኩ ስለነበር እጅ ማውጣቱ ከበዳቸው። ጉዳዩ ለጥልቅ ጥናት ወደ ንዑስ ኮሚቴ ተመራ። የንዑስ ኮሚቴውም ሰብሳቢ ማርሊስ ሆነች።

አርቪድ በየስብሰባው «ባለጉዳይ» ተብሎ ይቀመጣል።

«ትንሽ ልቁረስልህ?» ትለዋለች ማርሊስ።

«አይ፣ ግድ የለም።»

«ለቅምሻ ያህል።»

«ኧረ አትቸገሪ።»

«ምን ችግር አለው?»

«በእውነት፣ በቃኝ።»

በዚያ አገር ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት የጨዋ ደንብ ነው፤ ሦስተኛው እምቢታ «አምጪው» ማለት ነው። ሳህኑ መጣ። አርቪድ በስልሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው አራተኛ እምቢታ ከማንም አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በላ። የተረፈውም ተጠቅልሎ ቤቱ ይላክለታል። እንዳይጥለው፣ ማርሊስ ጠዋት ጠዋት «እንዴት ነበር?» ብላ ትደውላለች።

ወሩ ሞላ።

«ፖታሲየምህ አሻቅቧል» አለች ዶክተሯ። «ምን ስትበላ ከረምክ?»

«ኮሚቴው ገና አልወሰነም።»

«አርቪድ፣ እንዲህ ከቀጠልክ ልብህ ድንገት ሊቆም ይችላል።»

አርቪድ ፈራ። ማርሊስን ፊት ለፊት «አልበላም» ማለት ግን ከሞትም ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰው መዋሸትን መረጠ፤ ወገቤን አሞኛል ብሎ ከስብሰባ ቀረ። ማታ ማታ ወጥ ቤት ተቀምጦ የሆኪ ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማ አንድ ፖም ቆራርጦ ይበላል። የሚላክለትን ዳቦ በጓሮ በኩል ለወፎች ይበትናል። ወፎቹ አንድ ጊዜም እምቢ ብለው አያውቁም።

በሁለተኛው ወር ምርመራ ፖታሲየሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ሲል መዘገበ፦ «የባለጉዳዩ ጤና በኮሚቴው ብስለት የተሞላበት አመራር የተመለሰ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማታ የምስጋና በዓል እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» የሙዙ ጥናት እንደቀጠለ ነው።

ያን ዕለት ማታ ቨርና ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወጥ ቤት ገባች።

«ማርሊስ ናት። ለቅዳሜ ሁለት ዳቦ ልትጋግርልህ ነው። ትመጣለህ አይደል?»

አርቪድ የያዘውን ፖም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሆዱን ተናገረ።

«አልመጣም። የሙዝ ዳቦም ሁለተኛ አልበላም። ሊገድለኝ ነበር፣ ቨርና።»

የቨርና ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ማርሊስ፣ ገና አንዴ ነው እምቢ ያለው። ድርሻውን አስቀምጪለት።»